ላቭበርዶቼ ከእህል ሌላ አይነኩም፤ ምን ላብላቸው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለልጆቼ ብዬ ሁለት ላቭበርዶች (ትናንሽ በቀቀኖች) ከገዛሁ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ፊታቸው ሮዝ፣ ሰውነታቸው አረንጓዴ ነው። ሻጩ እንደነገረኝ የፈረንጅ ሱፍ የበዛበት የተቀላቀለ እህል ብቻ እሰጣቸዋለሁ። ልጆቹ ዳቦ፣ ፈንዲሻና ቆሎ ይጨምሩላቸዋል። ጎመን ሳስገባላቸው ዞር ብለው አያዩትም። አንደኛው ወፍሯል፤ ምንቃሩም እየረዘመና እየተላጠ ነው። ሌላዋ ሰሞኑን እንቁላል ጀምራለች፤ ሁለተኛው እንቁላሏ ቅርፊቱ ለስላሳ ነበር። ለእነዚህ ወፎች ጤናማ የሚባለው አመጋገብ የትኛው ነው?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የወፍራሙን ምንቃርና የሴቷን ለስላሳ እንቁላል ለየብቻ አይዩአቸው፤ ሁለቱም ከአንድ የእህል ሳህን የመጡ ይመስለኛል። ስለ አመጋገቡ በሰፊው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ሴቷ ልንገርዎት፤ የእሷ ነገር ጊዜ አይሰጥም።

ቅርፊቱ የለሰለሰ እንቁላል የምትጥል ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ጎድሏታል። ካልሲየም የሚያስፈልጋት ለቅርፊቱ ብቻ አይደለም፤ እንቁላሉን ገፍቶ የሚያስወጣው ጡንቻም ያለ ካልሲየም አይሠራም። ሲጎድል የሚቀጥለው እንቁላል መውጫው ላይ ሊቀር ይችላል፤ ይህን የምታህል ትንሽ ወፍ ደግሞ በዚያ ሁኔታ ብዙ አትቆይም። ላባዋን ነፍታ ወለሉ ላይ ከተቀመጠች፣ በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ስታምጥ ካዩዋት ወይም እግሯ ቆጥ መያዝ ካቃተው ይህን ጽሑፍ አቁመው በሞቀ ካርቶን ያድርጓትና ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ሆዷን መጫን ወይም እንቁላሉን በጣት ለማውጣት መሞከር እንቁላሉን ውስጧ ይሰብረዋል፤ እባክዎ ማንም እንዳይሞክረው። አሁን ደህና ሆና ከበላችና ቆጧ ላይ ካለች ግን ጊዜ አለን።

ሻጩ «እህል ይበላሉ» ማለቱ ውሸት አይደለም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት። የእርስዎ ዓይነት ሮዝ ፊት ላቭበርድ የናሚቢያና የደቡብ ምዕራብ አንጎላ ደረቅ አገር ወፍ ነው። እዚያ የሣር ፍሬ ይለቅማል፤ ግን እሸቱንም፣ ደረቁንም። በዚያ ላይ እንቡጥ፣ ቅጠልና የዱር ፍሬ ይጨምራል፤ ውኃ ፍለጋም ይበራል። የእርስዎዎቹ የሚበሉት መቼ እንደታጨደ የማይታወቅ ደረቅ እህል ነው፤ የሚበሩትም ከአንዱ ቆጥ ወደ ሌላው ነው።

የእኛም አገር የራሷ ላቭበርድ እንዳላት ብዙ ሰው አያውቅም። ጥቁር ክንፉ ላቭበርድ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባም ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ባለበት ግቢ ይታያል። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው። የጥድ ፍሬ ይወዳል፤ ሾላና ዋርካ ሲያፈራም አይጠፋም። ከዘጠኙ የላቭበርድ ዝርያዎች አንዱ የሆነው የመካከለኛው አፍሪካ ደን ላቭበርድ ደግሞ ከዋርካ ዘመዶች ፍሬ ጋር እጅግ የተቆራኘ ስለሆነ በቤት ሊያቆዩት የሞከሩ ሰዎች አልተሳካላቸውም። ይህን የማነሳው «ላቭበርድ ማለት እህል በል» የሚለው አስተሳሰብ ከተፈጥሯቸው ጋር እንደማይሄድ እንዲታይዎት ነው። መንገድ ላይ ተይዞ የሚሸጥ የአገራችን ላቭበርድ ካጋጠመዎት ደግሞ አይግዙት። ገዢ ካለ የሚያጠምድ አይጠፋም፤ ወፉ ያለውም እዚህ ብቻ ነው።

ወደ ሳህኑ እንምጣ። የፈረንጅ ሱፍ ፍሬው ከተፈለፈለ በኋላ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ኑግም በዘይት የበለጸገ ነው፤ ከአገራችን ወደ አሜሪካ ለወፍ መኖ ተብሎ የሚላከው ኑግ የሚቀርበው ቀኑን ሙሉ ለሚበሩ የዱር ወፎች ነው፤ ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ላቭበርድ አይሆንም። ድብልቅ እህል ሲሰጧቸው ደግሞ የጣማቸውን ሱፍ መርጠው ይጨርሱና ሌላውን ይተዉታል፤ ስለዚህ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው የእህል ዓይነት ብዛት ወፏ የበላችውን አይነግርዎትም። ደረቅ እህል ለብቻው ወጥ እንደሌለው እንጀራ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ አያበረታም። ቪታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። ካልሲየሙ ትንሽ፣ ፎስፈረሱ ብዙ ነው፤ የበዛው ፎስፈረስ ደግሞ ያለችውን ጥቂት ካልሲየም እንዳትጠቅም ያደርጋል። ሴቷ ላይ የደረሰው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የቪታሚን ኤ እጥረት ቀስ ብሎ ነው የሚገለጠው፤ ብዙ ወፎች የሚሞቱትም ባለቤቱ ሳያውቀው በዚሁ ነው። የአፍ፣ የአፍንጫና የመተንፈሻ አካላት ውስጠኛ ሽፋን ይደርቅና ይጠነክራል፤ ከዚያ ተህዋስያን በቀላሉ ይገባሉ። አፍ ውስጥ ነጫጭ ነገር ማየት፣ የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ ተደጋጋሚ ማስነጠስ፣ የእግር መዳፍ መላጥ ሁሉ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። እኛ አገር መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ገበያ ላይ ነው ያለው።

የአበሻ ጎመን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ቪታሚን ኤ የሚሆነውን ንጥረ ነገርም ካልሲየምም በአንድ ቅጠል ይይዛል። ሽፈራው የምታገኙ ከሆነ ትኩስ ቅጠሉ ግሩም ነው። ካሮት ተፍቆ፣ ዱባ በትንሹ በስሎ፣ ቃሪያ ከነፍሬው ይስጧቸው። የሚጥሚጣው ዓይነት ቃሪያ ይጎዳቸዋል ብለው አይስጉ፤ የወፍ ሰውነት የቃሪያን ማቃጠል እንደ እኛ አይሰማውም፤ ብዙ ላቭበርዶች ፍሬውን ለመልቀም ይሻማሉ። ስኳር ድንች ሲገዙ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ይምረጡ፤ ቪታሚን ኤ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ነጩ ለዚህ አይጠቅምም። ቆስጣ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየምን ስለሚይዝ በተለይ ለምትጥለው ሴት አላበዛውም። ሰላጣ አይጎዳም፣ ግን አብዛኛው ውኃ ነው። ቅጠሉን ሁሉ በደንብ ይጠቡት። ግቢ ወይም በረንዳ ካለዎት ጎመኑን በባልዲ ቢተክሉት እመርጣለሁ፤ በከተማችን ቆሻሻ ወንዞች ዳር የሚለማ አትክልት ያለበት ብክለት በማጠብ ሁሉ የሚለቅ አይደለም፤ ሃምሳ ግራም ለምትመዝን ወፍ ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው።

አገር ቤት ያለን አንድ ትልቅ ሀብት ደግሞ በቆልት ነው። ለጾም ባቄላ ወይም አተር የሚያበቅል ቤተሰብ ሙያውን ያውቀዋል። ለወፎችዎ ስንዴ፣ ምስር፣ ማሾ ወይም ሽምብራ ይጠቀሙ። ሌሊቱን ነክረው ጠዋት ውኃውን ያፍስሱ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እያለቀለቁ ያቆዩት። ጫፉ ነጭ ብሎ ብቅ ሲል ያቅርቡ። እህሉ ሲበቅል ይለሰልሳል፣ ቪታሚኑ ይጨምራል፤ ጎመን የማትነካ ወፍ እንኳ በቆልት ብዙ ጊዜ እምቢ አትልም። የሸተተ ወይም የተዝለገለገ ከሆነ ሳያቅማሙ ይድፉት። ትልልቁን ባቄላና ቦሎቄ በጥሬው አይስጡ፤ ቦሎቄ በተለይ በደንብ ካልተቀቀለ መርዛማ ነው።

ከደረቅ እህሉ ለመሠረትነት የምመርጠው ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ ጤፍና አጃ ነው፤ ቅባታቸው ትንሽ ነው። ዳጉሳ ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም የላቀ ነው፤ መቶ ግራሙ ከሦስት መቶ ሚሊግራም በላይ ይዟል። ለአንድ ወፍ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ደረቅ እህል ይበቃል። ሱፍን ከሳህኑ ያውጡትና ከእጅዎ የሚቀበሉት ሽልማት ያድርጉት፤ በቀን ሦስት አራት ፍሬ። ልጆቹም የሚጫወቱበት ነገር ያገኛሉ፤ ወፎቹም ቶሎ ይላመዷቸዋል።

ፔሌት የሚባለውን፣ ለበቀቀን ዘሮች ተመጣጥኖ በፋብሪካ የሚሠራውን ምግብ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚያመጣልዎት ዘመድ ካለ ደስ ይለኛል፤ ወፏ የጣማትን ብቻ መርጣ እንዳትበላ ያደርጋል። ቀለም ያልተነከረውንና ለትናንሽ በቀቀኖች የተሠራውን ያስመጡ፤ ከተላመዱት ከዕለት ምግባቸው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ዘመዱ መቋረጡ ግን አይቀርም፤ ስለዚህ ጎመኑንና በቆልቱን አይተዉ። በፔሌት ፋንታ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አይሆንም። በዚያ መኖ ውስጥ ያለው ካልሲየም በየቀኑ ለምትጥል ዶሮ የተመጠነ ነው፤ ከመቶ አራት እጅ ሊጠጋ ይችላል። እንቁላል ለማይጥለው ወንድ ላቭበርድ ያ ሁሉ ካልሲየም ኩላሊት ያበላሻል።

አሁን «ዞር ብለው አያዩትም» ወዳሉት ልምጣ፤ ዋናው ትግል ያለው እዚህ ነው። ላቭበርድ የማያውቀውን ነገር እንደ ምግብ አይቆጥርም። ጎመን አልበላም ማለት ጠልቶታል ማለት አይደለም፤ ምግብ መሆኑን አላወቀም ማለት ነው። «ይራቡና ይበላሉ» ብለው እህሉን በአንድ ቀን እንዳያነሱ አደራ። እነዚህ ወፎች ምግብ አጥተው አንድ ሙሉ ቀን ካለፋቸው አደጋ ላይ ናቸው።

ጠዋት ሲነሱ ይራባቸዋል፤ ይህን ጊዜ ይጠቀሙበት። በመጀመሪያ ያለ እህል አትክልቱንና በቆልቱን ብቻ ያስገቡ። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ እህሉን ይጨምሩ። ጎመኑን አንድ ጊዜ በደቃቁ ከትፈው እህሉን ከውስጡ እንዲፈልጉ ያድርጉ፤ ሌላ ጊዜ ሙሉ ቅጠሉን በውኃ አርጥበው ከቆጡ አጠገብ ያንጠልጥሉት። መቦጨቅ የሚወድ ወፍ ስለሆነ በጨዋታ ይጀምርና ሳያውቀው ይቀምሳል። እርስዎና ልጆቹ ፊታቸው ቆማችሁ ጎመን ብትቆረጥሙ ደግሞ ትገረማላችሁ፤ የመንጋ ወፎች ናቸው፤ ሌላው የሚበላውን ማየት ይደፋፍራቸዋል። የሚፈጀው ሳምንታት ነው፤ አንዳንዴም ወራት። እርጥቡን ምግብ ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ አያቆዩት፤ በተለይ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ግራም የሚለይ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ያስፈልግዎታል። ጠዋት ከመብላታቸው በፊት ይመዝኗቸውና ይጻፉት። የዚህ ዝርያ ጎልማሳ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ግራም ይመዝናል። ክብደቷ ከአሥር አንድ እጅ ከቀነሰ ወደ ቀድሞው አመጋገብ ይመልሷትና ሐኪም ያማክሩ፤ በላባ የተሸፈነን ክሳት ዓይን አያየውም። ኩሱንም ይመልከቱ፤ መጠኑ ካነሰና አረንጓዴው ከጠቆረ ወፉ እየበላ አይደለም። ሌላም አለ፤ ላቭበርድ እህሉን ፈልፍሎ ቅርፊቱን ሳህኑ ውስጥ ይተወዋል። ከላይ ሲታይ ሳህኑ ሙሉ ይመስላል፤ ገለባ ብቻ ነው። ባለቤቱ «ገና አልጨረሱም» እያለ የተራቡ ወፎች ብዙ ናቸው። በየቀኑ እፍ ብለው ገለባውን ያስወግዱ። ይህ ፈልፍሎ የመብላት ልማዱ አሸዋና ጠጠር እንዳያስፈልገውም ያደርጋል፤ የነገሩዎት ካለ ይተዉት።

ለሴቷ ካልሲየም ለመስጠት ውድ ነገር አያስፈልግም። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት አጥበው አሥር ደቂቃ ያህል ያፍሉት፣ ያድርቁት፣ ይፍጩትና በትንሽ ሳህን ለብቻው ያስቀምጡላት፤ የሚያስፈልጋትን ያህል ራሷ ትወስዳለች። በበቆልቱ ላይም ቆንጠር አድርገው ይበትኑበት። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የተቀቀለ እንቁላል በሻይ ማንኪያ ጫፍ ይጨምሩላት። ካልሲየሙ ወደ ደሟ እንዲገባ ግን ቪታሚን ዲ ይፈልጋል፤ እሱን የምታገኘው ከፀሐይ ነው። በመስኮት መስታወት አልፎ የሚመጣ ፀሐይ ለዚህ አይረዳም፤ መስታወቱ የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል። የጠዋት ፀሐይ ወዳለበት በረንዳ ያውጧቸው፤ ከቤታቸው ግማሹን በጨርቅ ሸፍነው ጥላ ይተዉላቸው፤ ድመትና ጭልፊት ስላሉም አይለዩአቸው።

መጣሏንም ማብረድ ይኖርብዎታል። አንድ ዙር ከአራት እስከ ስድስት እንቁላል የተለመደ ነው፤ ያለማቋረጥ ከቀጠለች ግን አጥንቷን እያሟጠጠች ነው። ጎጆ የሚመስል ሳጥን፣ የምትሰነጥቀው ወረቀት ካለ ያንሱ። እንቁላሎቹን ወዲያው አይውሰዱባት፤ ከወሰዱ ለመተካት ትጥላለች። ማታ በጊዜ ይሸፍኗቸው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ጨለማ ያግኙ። በነገራችን ላይ በዚህ ዝርያ ወንድና ሴት በመልክ አይለዩም። ጎጆው ውስጥ ስምንት አሥር እንቁላል ካዩ ሁለቱም ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ለወፍራሙም ካልሲየሙ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የልጆቹን ስጦታዎች በፍቅር ቢሆንም እንከልክል። ዳቦ ሆድ ከመሙላት አያልፍም፤ ፈንዲሻው ዘይትና ጨው ወይም ስኳር አለበት። ጨው የሌለው የገብስ ቆሎ ጥቂት ፍሬ ክፉ አይደለም፤ ኦቾሎኒውን ግን ያውጡት፤ በእርጥበት የተቀመጠ ኦቾሎኒና በቆሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ያመርታል። በፋንታው ልጆቹ ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም ዘይቱን በጥፍር ቁራጭ ልክ ይስጧቸው። ከአፋቸው ወደ ወፉ አፍ ማጉረስ ግን የለም፤ የሰው ምራቅ ውስጥ ያሉ ተህዋስያን ለወፍ በሽታ ናቸው።

አቮካዶ ይገድላል፤ ፐርሲን የሚባለው ንጥረ ነገሩ የወፍን ልብ ያጠቃል። ስፕሪስ ጭማቂ ውስጥ አቮካዶ እንዳለ ልጆቹ ላያስተውሉ ስለሚችሉ ብርጭቆውን ከወፎቹ ያርቁት። ቸኮሌት፣ ቡናና የቡና አተላ፣ ጠላና ጠጅ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ስለዚህም ማንኛውም ወጥ፣ አይቀርብም። የአፕል ፍሬውን አውጥተው ሥጋውን ብቻ ይስጡ። ምግብ ባይሆንም ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ የወፍ ሳንባ ከእኛ ይልቅ ለጭስ ስስ ነው። ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስና ከሰል ሲቀጣጠል ወፎቹ ሌላ ክፍል ይሁኑ። የማያጣብቅ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ በደቂቃዎች ይገድላቸዋል።

ውኃቸውን በቀን ሁለት ጊዜ ይቀይሩ፤ ሳህኑ ከቆጥ ሥር አይሁን፣ ኩስ ይገባበታል። ለዶሮ ተብሎ የሚሸጠውን የቪታሚን ዱቄት ውኃው ውስጥ አይጨምሩ። ጣዕሙ ሲለወጥ ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ፣ ተህዋስያንም ይባዙበታል፤ ቪታሚን ኤ እና ዲ ሲበዙ ደግሞ ራሳቸው መርዝ ናቸው።

የወፍራሙ ምንቃር ይቀራል። ሱፍ ብቻ በበላ ወፍ ላይ የሚረዝምና የሚላጥ ምንቃር ብዙ ጊዜ የሚያሳየኝ ጉበቱ በስብ መጨነቁን ነው፤ ምንቃሩ ወይም ጥፍሩ ላይ እንደ ደም የረጋ ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ጥርጣሬዬ ይበረታል። በመቀስ ወይም በጥፍር መቁረጫ ለማሳጠር አይሞክሩ፤ ውስጡ የደም ሥርና ነርቭ አለው። አመጋገቡን ከዛሬ ይጀምሩለት። ከቤቱ በየቀኑ አውጥተው በተዘጋ ክፍል፣ መስኮቱንና መስታወቱን ሸፍነው ያስበርሩት። የሚቦጭቀው የባሕር ዛፍ ወይም የወይራ ቅርንጫፍ አጥበው ይስጡት። በዚህ ሳምንት ግን ሁለቱንም ወፍ የሚያይ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው፤ የመዘገቡትን ክብደትና የዕለቱን ኩስ በንጹሕ ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እነዚህን ነው።